ኦይታ ካናዳ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ መናኸሪያ ወርዳችሁ ባጃጅ ውስጥ ገብታችሁ «ኦይታ ካናዳ ቤት አድርሰኝ» ብትሉ፣ ሾፌሩ ምንም ሳይጠይቅ ወፍጮ ቤት ሰፈር ያደርሳችኋል። ለሥራው አዲስ ከሆነ ግን በመንገድ ላይ «ሰውዬው ካናዳ ስንት ዓመት ኖረ?» ማለቱ አይቀርም። አንድ ቀንም አልኖረም። ኦይታ ከዶርዜ ተነሥቶ የሄደበት ሩቅ አገር ሽሮ ሜዳ ነው። እዚያም አንድ ክረምት ሸምኖ፣ ብርዱ ሳይሆን የአዲስ አበባ ሰው ጥድፊያ አስመርሮት ተመለሰ። ካናዳ የሚለው ስም የተለጠፈበት በሌላ ነገር ነው፤ እሱን ነው የማወራችሁ። ከሌላ ሰው ሰምታችሁት ከሆነ እርሱት፤ ይሄ ሰፈር ነገር ማጣመም ይወዳል።

ኦይታ ሁለት ሥራ ነበረው። ቀን ቀን በረንዳው ላይ ሸማ ይሠራል። ሰው ሲሞት ደግሞ ጎሕ ሲቀድ ጋቢውን ደርቦ ይወጣና የወፍጮ ቤት ሰፈር ዕድርን ጡሩምባ ይነፋል። የጡሩምባ ነፊ ሥራ የታወቀ ነው። ይነፋል፣ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል፣ ወደሚቀጥለው መንገድ ያልፋል። ኦይታ ግን ማንም ሳያዘው አንድ ነገር ጨመረበት፤ ከስሙ ጋር የሟቹን አንድ በጎ ነገር ይናገራል። «ደጇን ዘግታ የማታውቀው እትዬ እከሊት» ይላል። «ሲቀልድ ራሱ ቀድሞ የሚስቀው እከሌ» ይላል። ሰፈሩ ይህን ስለለመደ፣ ጡሩምባው ሲሰማ አልጋው ላይ ሆኖ ጆሮውን ያቆማል። ማን እንደሞተ ለመስማት ብቻ አይደለም፤ ኦይታ ምን እንዳገኘለት ለመስማትም ነው።

ለደግ ሰው ማግኘቱ ቀላል ነው። ጎረቤቱን ሁሉ ሲያስለቅስ የኖረ አንድ ቆንቋና የሞተ ጊዜ ግን ኦይታ አንዱን መንገድ ስም ብቻ ተናግሮ አለፈ፤ ሁለተኛውንም እንደዚያው። ሰው በየአልጋው ላይ «አቃተው» እያለ ሲጠብቅ፣ ወንዙ ጋ ሲደርስ «ድስቱን ንጹሕ አድርጎ የኖረው» አለ። ሐሰት አይደለም፤ ሰውዬው ወጥ አሠርቶ አያውቅም ነበር።

ሚስቱ ዘሪቱ ገበያ ውስጥ ዳጣ ትሸጣለች። አፏም እንደ ሸቀጧ ያቃጥላል። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ኢየሩስ ትባላለች፤ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። እሷን ደግሞ ባርኮት የሚባል የመንገድ ሥራ ቀያሽ ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። ልጁ እንከን አይወጣለትም። ችግሩ አባቱ ናቸው። አቶ ካሱ ላይኛው ከተማ ሴቻ የአንድ ቢሮ ኃላፊ ናቸው። እሳቸውም ከደጋ የወረዱ የጋሞ ልጅ ናቸው፤ ነገር ግን ክራቫት ካሰሩ ወዲህ ደጋው ጠፍቶባቸዋል። ልጃቸው ሽማግሌ ላኩልኝ ቢላቸው «የሞት ወሬ የሚያዞር ሰው ቤት ሽማግሌ አልክም» አሉት። «ሰርግ ደግሰን ጡሩምባ ሊሰማን ነው?»

ይህ ነገር ዞሮ ዞሮ ኦይታ ጆሮ ደረሰ። የዚያን ቀን የሠራውን ጥለት አበላሸው፤ ቀዩን ክር በቢጫው ቦታ አስገብቶ ሲመሽ ፈታው። ስድቡ አይደለም የቆረጠው፤ ስድብ የለመደ ሰው ነው። የቆረጠው ኢየሩስ ሰምታ እንዳልሰማች ሆና ራቱን ማቅረቧ ነው። «በእኔ ምክንያት» አለ በልቡ። ከዚያ ወዲያ ልጁን ቀና ብሎ ለማየት ከበደው።

ወደ ዕድሩ ልመለስ። በዕድሩ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። ጋሽ ሀብተሚካኤል ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሹም ናቸው፤ የመንግሥት ሠራተኛው ሁሉ ከእሳቸው ኋላ ይሰለፋል። አበጋዝ ደግሞ ከጫኖ ሙዝ እየጫነ አዲስ አበባ የሚልክ ባለ አይሱዙ ነው፤ ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ ጫኝና አውራጁ የእሱ ወገን ነው። የሁለቱ ግቢ አጥር ለአጥር ነው። አንድ ቀን የአበጋዝ አይሱዙ ወደ ኋላ ሲመለስ አጥሩን ጥሶ የጋሽ ሀብተሚካኤል እናት እማማ አመለወርቅ የተከሉትን የማንጎ ዛፍ ከሥሩ ገነደሰው። አበጋዝ በነጋታው አንድ ጆንያ ማንጎ አስይዞ ላከ። አበጋዝ መካሱ ነው፤ ክፋት የለውም። ጋሽ ሀብተሚካኤል ግን «የእናቴን ዛፍ በጆንያ ሊተካ?» ብለው ማንጎውን በሙሉ ለጋሪ አህዮች ደፉት። ይሄው ነው ጠባቸው። ከዚያ በኋላ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ለቅሶ ቤት አንዱ ቀኝ ሲቀመጥ ሌላው ግራ ይቀመጣል። ሐዘንተኛውን የሚያስተዛዝን ሰው ጠፍቶ ሁሉም ሁለቱን በዓይኑ ሲጠብቅ ይውላል።

በሁለት ሺህ አንድ ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አሮጌው ሊቀመንበር ደከመኝ ብለው ለቀቁና ምርጫ ሆነ። ጋሽ ሀብተሚካኤል ተጠቆሙ፤ አበጋዝ ተጠቆመ። ከኋላ አግዳሚ ላይ የተቀመጡት ሸማኔዎች፣ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶችና ዳጣ ሻጮች ደግሞ እርስ በርስ ተንሾካሾኩና ኦይታን ጠቆሙ። መጀመሪያ ለጨዋታ ነበር። «ሁለቱ በየተራ ከሚያደነቁሩን ጡሩምባው ያደንቁረን» አለች አንዷ። እጅ ሲቆጠር ግን ጨዋታው ቀረ። ጋሽ ሀብተሚካኤል ሃያ ዘጠኝ፣ አበጋዝ ሃያ ሰባት፣ ኦይታ ሠላሳ አራት ድምፅ አገኙ። ይሄ ሰው ለስንቱ ቤት እናትና አባት በጎ ቃል እንደተናገረ ማን አስቦት ያውቃል? ኦይታ ራሱ ቁጥሩ ሲነበብ ወደ ኋላው ዞሮ ሌላ ኦይታ የሚባል ሰው ፈለገ።

የዕድሩ ደንብ ግን ሊቀመንበር ከግማሽ በላይ ድምፅ ማግኘት አለበት ይላል፤ ዘጠና ሰው ነው ያለው። ምርጫው ተደገመ፤ ያው ሆነ። አንዱ ለሌላው ይልቀቅ ቢባል ጋሽ ሀብተሚካኤል «ከእሱ ሰው ጋር አብሬ እጅ ከማወጣ እጄ ይቆረጥ» አሉ። አበጋዝም ወዲያው ያንኑ ቃል ደገመው። ፀሐይዋ አናት በሳች፣ ሰው ተራበ፣ ሴቶቹ ሊበተኑ ነጠላቸውን አስተካከሉ። በዚህ መሐል ነው መምህር ማቴዎስ የተነሣው።

ማቴዎስ ሥነ ዜጋ ያስተምራል። ቤቱ ውስጥ የምታምር ሚስትና የማታምር ሬዲዮ አለችው፤ የሚያድረው ከሬዲዮዋ ጋር ነው ይባላል። ጎረቤቱ ማን እንደወለደ አያውቅም፤ ቦሊቪያ ውስጥ ማን ሥልጣን እንደለቀቀ ግን ያውቃል። «በዚሁ ወር ካናዳ የፓርላማ ምርጫ ነበር» ብሎ ጀመረ።

«ኧረ ማቴዎስ፣ ርቦናል» አለች ዘሪቱ።

«ይሄን ብቻ ስሙኝ። ከሦስት መቶ ስምንቱ ወንበር አንደኛ የወጣው ፓርቲ ያገኘው መቶ አርባ ሦስት ነው። ግማሽ አልሞላም። ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡትም እርስ በርስ አልተስማሙም። እንደ እኛው ማለት ነው። ታዲያ አንደኛው ብቻውን መንግሥት ሆነ። አናሳ መንግሥት ይባላል።»

«ግማሽ ሳይኖረው እንዴት አድርጎ ነው የሚያስተዳድር?» አሉ ጋሽ ሀብተሚካኤል።

«ጉዳይ በመጣ ቁጥር ከሌሎቹ አንዱን እየለመነ ነው።»

«ሌሎቹ ተባብረው ቢነሡበትስ?» አለ አበጋዝ።

«ያኔማ ይወድቃል።»

ሁለቱ ሰዎች ማንጎው ከተገነደሰ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ተባብሮ መነሣት የሚባለው ነገር እነሱ ዘንድ እንደማይመጣ ሁለቱም አወቁ። «ይሁን እንግዲህ፤ ካናዳም ከሆነች» አሉ ጋሽ ሀብተሚካኤል። አበጋዝም «ካናዳ ካደረገችው እኛ ምን አለብን?» አለ። ኦይታ ከኋላ አግዳሚ ተነሥቶ ባለ መደገፊያው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከመቀመጡ ስሙ ካናዳ ሆነ።

ወሬው ሳይውል ሳያድር ሴቻ ደረሰ። አቶ ካሱ ክራቫታቸውን ነካ ነካ አድርገው «ሊቀመንበር ከሆነማ ሌላ ነገር ነው» አሉ። ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ሽማግሌ እልካለሁ ብለው ለልጃቸው ቃል ሰጡ። ባርኮት ይህን ለኢየሩስ፣ ኢየሩስ ለእናቷ፣ ዘሪቱ ለኦይታ ነገሩ። የዚያን ዕለት ኢየሩስ ራት ስታቀርብ ታንጎራጉር ነበር። ኦይታ እንጀራውን በእጁ እንደያዘ አዳመጣት። ዓለም ሁሉ ቢገለበጥ እስከ ጥምቀት ከዚያ ወንበር ላይ እንደማይነሣ ለራሱ ማለ።

ለመሰንበት ደግሞ ዘዴው ቀላል ሆኖ አገኘው። የዕድሩ ድንኳን ያፈስ ነበር፤ ይጠገን። ኦይታ ጋሽ ሀብተሚካኤል ዘንድ ሄዶ ቁጭ ይልና፣ ከሰላምታው በኋላ ቀስ ብሎ «ድንኳኑን ላስጠግን ብል አበጋዝ ደስ የሚለው አይመስለኝም» ይላል። አለቀ። በስብሰባው ሃያ ዘጠኙም እጅ ይወጣል። በሚቀጥለው ጊዜ አግዳሚዎቹ ይታደሱ ሲሆን አበጋዝ ዘንድ ሄዶ «ጋሽ ሀብተሚካኤል አሮጌው ይበቃል የሚሉ ይመስለኛል» ይላል። ሃያ ሰባቱም ይወጣል። ውሸት አልተናገረም፤ «ይመስለኛል» ነው ያለው። ዕድሩ በፍቅር ዘመን ያልሠራውን በጠብ ዘመን ሠራው ብትሉኝ አልከራከርም። የሚቸግረው ሁለቱም የሚወዱት ነገር ሲመጣ ነበር። ትልቅ ድስት ይገዛ ሲባል ሁለቱም በልባቸው ፈለጉት። አንዱ ሌላው እንደሚፈልገው በሰማ ጊዜ ግን ሁለቱም ተቃወሙ። ድስቱ ቀረ፤ ሰፈሩ በትንንሽ ድስት ሲንደፋደፍ ከረመ።

የጡሩምባውም ነገር እንዲሁ ነው። ሊቀመንበር ሆኖ ጡሩምባ መንፋት አይሆንም ተብሎ ምትክ ይፈለግ ተባለ። ጋሽ ሀብተሚካኤል የራሳቸውን ሰው አቀረቡ፤ አበጋዝ የራሱን። ለአንዳቸውም ግማሽ አልሞላም። ስለዚህ ኦይታ ከሰዓት በኋላ በሊቀመንበርነት ይቀመጣል፣ ጎሕ ሲቀድ ጋቢውን እስከ ቅንድቡ ተከናንቦ ይነፋል። «ማን እንደሆንክ እንዳይታወቅ ነው?» አለችው ዘሪቱ። «ድምፅህንስ በምን ትከናነበዋለህ?»

ኅዳር ላይ እማማ አመለወርቅ አስጠሩት። አርጅተው ከአልጋ አይወርዱም፤ ምላሳቸው ግን ገና ጎረምሳ ነው። አጠገባቸው አስቀምጠው እጁን ያዙት።

«ኦይታ፣ እኔ ስሞት ምንድን ነው የምትልልኝ? አሁን ንገረኝ፣ ልስማው።»

«እማማ፣ እሱ በሰዓቱ ነው የሚመጣልኝ።»

«ለዚያ ለድስቱ ሰውዬ አግኝተህ ለእኔ አታጣም። በል ስማኝ። እነዚህ ሁለት ደደቦች ጀርባ ለጀርባ ተዟዙረው አስከሬኔን እንዲሸኙ አልፈልግም። አባትህ የዱቡሻ ሽማግሌ ነበር ይላሉ። አስታርቅልኝ፤ ከገና በፊት።»

የኦይታ አባት በእውነት ዶርዜ ውስጥ፣ ዱቡሻ በሚሉት የመሰብሰቢያ ሜዳ ላይ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያስታርቅ የኖረ ሽማግሌ ነበር። በጋሞ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሣር በእጁ ይዞ ከተንበረከከ እምቢ አይባልም፤ ደም ቢኖርም እምቢ አይባልም። ኦይታ ይህን ያውቅበታል። የሚያውቀው ሌላም ነገር አለ። ሁለቱ የታረቁ ዕለት እሱ ይወድቃል፤ እሱ የወደቀ ዕለት የካሱ ሽማግሌዎች ይቀራሉ። «እሺ እማማ፣ እናያለን» ብሎ ወጣ። እናያለን ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ ሐበሻ የለም።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል ማቴዎስ እየሮጠ በረንዳው ላይ መጣ። «ጋሽ ኦይታ፣ ካናዳ ጉድ ፈልቷል። ተቃዋሚዎቹ ተስማምተው ፈረሙ። መንግሥቱን ሊጥሉት ነው።» ኦይታ የካናዳው ሰው ሲወድቅ እሱም አብሮ የሚወድቅ መስሎት ተጨነቀ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ማቴዎስ ተመለሰ፤ አሁን ፊቱ ፈገግ ብሏል። «ዘዴ አገኘ። ድምፅ ሳይሰጥበት ምክር ቤቱን አዘጋው። እስከ ጥር አጋማሽ የለም።»

«መዝጋት ይቻላል?» አለ ኦይታ።

«ደንቡ ይፈቅዳል።»

የታኅሣሥ ወር የዕድሩ ስብሰባ ተዘጋ። ምክንያቱን ሲጠይቁት «ለጥሞና» አለ። ቃሉን ከቤተ ክርስቲያን ነው ያመጣው፤ ሰው ደግሞ ጥሞና ሲባል መከራከር ይፈራል።

እማማ አመለወርቅ ግን ጥሞና አይገባቸውም። እንደገና ላኩበት። ኦይታ ቆሞ ጋቢውን እያፍተለተለ «እማማ፣ ወሩ በጋ ነው፤ እርጥብ ሣር ጠፋ» አለ።

«አርባ ምንጭ ተቀምጠህ እርጥብ ሣር ጠፋ ትለኛለህ?» አሉ እማማ። ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ኦይታ ያን ቀን ምሳም ራትም አልበላም። አፈረ። ዕድሜውን ሙሉ ለሞተ ሰው በጎ ነገር ሲፈልግ ኖሮ፣ በሕይወት ያለችን አሮጊት በውሸት ሸኘ። ማታ ኢየሩስን አጠገቡ አስቀመጣትና አንድም ሳይደብቅ ነገራት። ሁለቱን ካስታረቅሁ ወንበሩ ይሄዳል፤ ወንበሩ ከሄደ አቶ ካሱ ሽማግሌ አይልኩም። «አንቺ ነሽ የምትጎጂው» አላት። «አይሆንም ካልሽኝ አላደርገውም።»

ኢየሩስ እንባዋን ጠረገች። «እኔ መጠበቅ እችላለሁ አባዬ» አለች። «እማማ አመለወርቅ ግን አይችሉም። ደም ግፊታቸውን የምለካው እኔ ነኝ፤ አውቃለሁ።»

ጠዋት ኦይታ ሣር ሊቆርጥ ሲወጣ ማጭዱን ከግድግዳው ላይ አውርዳ ያቀበለችው እሷ ናት።

ከምንጩ በሚወርደው ቦይ ዳር ጤዛው ያልለቀቀው ሣር ሞልቷል። ኦይታ በሁለት እጁ የሚሞላውን ያህል ይዞ መጣና በተገነደሰው ማንጎ ጉቶ አጠገብ ተንበረከከ። ጋሽ ሀብተሚካኤል ከዚህ ወገን ወጡ፤ አበጋዝ በተጣሰው አጥር በኩል ከወዲያ መጣ። ሣሩን ሲያዩ ሁለቱም ቆሙ። የዚያ አገር ልጆች ናቸው፤ ያንን ሣር ረግጦ መሄድ እንደማይቻል ያውቃሉ። የቤቱ ሰዎች እማማ አመለወርቅን በወንበር ተሸክመው አወጧቸው።

«ዛፉ የእኔ ነው» አሉ እማማ። «እናንተን ማን ጠየቃችሁ? ደግሞ ፍሬው ጣፍጦ አያውቅም፤ ቃጫ ብቻ ነበር። ልጄ ሲበላው ደስ ስለሚለው ነው ዝም ያልኩት።»

ጋሽ ሀብተሚካኤል አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። «እኔ እኮ እርስዎን ደስ ይበልዎት ብዬ ነው የበላሁት» አሉ። አበጋዝ ሳቁ አመለጠው፤ ሳቁ መሐል ላይ ደግሞ እንባው መጣ። ኦይታ ከተንበረከከበት ሳይነሣ «በሉ እንግዲህ፣ ጉልበቴ አርጅቷል» አለ። ተቃቀፉ። አቅፈው ለመላቀቅ ተቸገሩ ነው የምላችሁ።

የዚያን ቀን አንድ ትሪ ላይ በሉ። የሁለት ሦስት ዓመት ወሬ ተጠራቅሞባቸው ኖሮ አንዱ የሌላውን ከአፉ እየነጠቀ አወሩ። ከምሳ በኋላ ኦይታ ጥግ ላይ ተቀምጦ እጁን ሲታጠብ አበጋዝ ዝቅ ባለ ድምፅ «ሃያ ዘጠኝና ሃያ ሰባት ስንት ነው?» ሲል ሰማ።

«ሃምሳ ስድስት» አሉ ጋሽ ሀብተሚካኤል።

ኦይታ እጁን አደራርቆ ወጣ።

የጥር ስብሰባ ተከፈተ። ሁለቱ አፍረው ነበር፤ አበጋዝ መሬት መሬት እያየ ነው ያወራው። «ጋሽ ኦይታ፣ ምንም ጥፋት አላገኘንብህም። ግን አሁን ግማሽ አለን፤ ደንቡ ደግሞ ግማሽ ነው የሚለው» አለ። እጅ ወጣ። ጋሽ ሀብተሚካኤል ሊቀመንበር፣ አበጋዝ ምክትል ሆኑ። በዚያው ስብሰባ ትልቁ ድስት ይገዛ ተባለና አንድ ተቃዋሚ ሳይኖር አለፈ። ኦይታም ለድስቱ እጁን አወጣ። ሰው አጨበጨበለት፤ እሱም ባለ መደገፊያውን ወንበር ለቆ ወደ ኋላ አግዳሚው ሄዶ ተቀመጠ።

ማቴዎስ ሊያጽናናው አጠገቡ መጣ። «የካናዳው እስከ ዛሬ አልወደቀም» አለው። «ተቃዋሚዎቹ ከወዲሁ መላላት ጀምረዋል ይባላል።»

«በዚህ ወር ካናዳ ሣር አለ?» አለ ኦይታ።

«ኧረ በረዶ ነው፣ ጋሽ ኦይታ።»

«እሱማ ነው። በምን ይታረቁ?»

ሴቻም ወሬውን ሰማች። አቶ ካሱ «ጡሩምባው ብቻ ቀረለት አይደል? በቃ፣ ሽማግሌ አልክም» አሉ። ኢየሩስ «እሺ» አለች፤ ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ተመልሳ ራት አቀረበች። ማንጎራጎሩ ግን ቀረ። ዘሪቱ ለአንድ ሳምንት ቀልድ አልወጣትም፤ የዳጣ ደንበኞቿ ታማ መሰላቸው። ኦይታ ትክክለኛ ነገር ማድረጉን ያውቅ ነበር። ይሄ ማወቅ ግን እንቅልፍ አላስተኛውም።

ነገሩን ለእማማ አመለወርቅ የነገረቻቸው ዘሪቱ ናት፤ ሆን ብላ ይሁን ሳታስበው እኔ አላውቅም። እማማ ልጃቸውንና አበጋዝን አስጠርተው አልጋቸው ሥር አቆሟቸው። «እኔ የማይጣፍጥ ማንጎ ነው ያጣሁ» አሉ። «ኦይታ ግን ልጁን ነው ያሳዘነ፤ ያውም አውቆ። ሂዱና አስተካክሉ። ሳታስተካክሉ ብሞት እንዳትቀብሩኝ።»

ሁለቱ ምን እንዳደረጉ ልንገራችሁ። ከዚያው ቦይ ዳር ሣር ቆረጡ። ጋሽ ሀብተሚካኤል በጡረታ ሱፋቸው፣ አበጋዝ በቆዳ ጃኬቱ፣ በአይሱዙ ሴቻ ወጡና አቶ ካሱ ደጅ ላይ ሣራቸውን ይዘው ተንበረከኩ። አቶ ካሱ በሩን ከፍተው ሲያዩአቸው ክራቫታቸው አነቃቸው። ጎረቤቱ ወጥቶ ያያል። ቢሮ ውስጥ እምቢ የሚባል ብዙ ነገር አለ፤ ሣር ግን የለበትም። የደጋ ልጅነታቸው እዚያው ደጃፋቸው ላይ ተገኘ። «ተነሡ፣ ተነሡ» አሉ። «እሑድ ሂዱልኝ። እናንተው ሽማግሌ ሁኑ።»

እሑድ ጋሽ ሀብተሚካኤል፣ አበጋዝና ማቴዎስ ኦይታ ደጅ ላይ ቆሙ። ኢየሩስ ከመጋረጃ ኋላ ናት። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ልጅዎን ለልጃችን አሉ። ኦይታ እንደ ወጉ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንመክርበታለን፤ ሌላ ቀን ተመለሱ» አለ። ወጉ ይሄው ነው፤ ሽማግሌ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳይመላለስ ልጅ አይሰጥም።

«ዛሬም ሊዘጋው ነው» አለች ዘሪቱ ከውስጥ። ወጣችና በሁሉም ፊት ቆመች። «እዚህ ቤት ሦስት ሰው ነው ያለው። እኔ አዎ ብያለሁ።» እጇን አወጣች። ከመጋረጃው ጫፍ በኩል ሌላ እጅ ቀስ ብሎ ወጣ።

«ሁለት ለአንድ» አሉ ጋሽ ሀብተሚካኤል በመዝገብ ቤት ድምፃቸው። ማቴዎስም «ከግማሽ በላይ ነው» አለ።

ኦይታ ተነሥቶ ወደ ጓዳ ገባ። ሽማግሌዎቹ ተቀየመ ብለው ተያዩ። እሱ ግን በደስታው እጁ የሚያደርገው ጠፍቶት፣ የለመደውን ከሚስማሩ ላይ አውርዶ ወደ ደጅ ወጣና ነፋው። ሌላ የሚነፋ ነገር ኖሮት አያውቅማ።

ሰፈሩ ተናወጠ። ሴቶች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ እያለቀሱ መጡ። ጎረምሶች የተጠገነውን ድንኳንና የታደሱትን አግዳሚዎች ተሸክመው ደረሱ፤ አንዱ አዲሱን ድስት ራሱ ላይ ደፍቶ መጣ። «ማን ነው? ማን ነው?» አሉ። ኦይታ ያኔ ነው ያደረገውን ያወቀው። ጡሩምባ ተነፍቶ ስም ሳይጠራ አይቀርም።

«ኢየሩስ ኦይታ» አለ።

ዋይታው ሊጀመር አፍ ሁሉ ተከፈተ።

«አልሞተችም። ታጭታለች።»

ሰው ሁሉ ከስሙ ጋር የሚመጣውን ለምዷልና ቆሞ ጠበቀ። ኦይታ ጡሩምባውን ዝቅ አደረገ።

«ምን እንደሚያስቀርባት እያወቀች ለአባቷ ማጭዱን ያቀበለችው» አለ።

ዘሪቱ አለቀሰች፤ ድንኳኑም መጥቷልና ተተከለ፤ በአዲሱ ድስት ወጥ ተሠራ። ጋሽ ሀብተሚካኤል አመሻሽ ላይ ቤታቸው ሲገቡ እናታቸውን፣ ነጭ ልብሴን አልብሱኝ ብለው ለብሰው፣ አልጋቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው አገኟቸው።

«ሲነፋ የእኔ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ምን አለልኝ?»

«የኦይታ ልጅ ታጭታ ነው፣ እማማ» ብለው ጋሽ ሀብተሚካኤል የተባለውን ነገሯቸው።

እማማ አመለወርቅ ጥቂት አሰቡና «እሱም ጥሩ ነው» ብለው ተመልሰው ተኙ።